አራት ክንድ ተኩል

«አራት ክንድ ተኩል» ብላ ነበር ካያል የነገረቻቸው። ጋሽ ኤሉማላይም የለኩት አራት ክንድ ተኩል ነው። ሆኖም ጠመኔው ያረፈበትን ቦታ ስታይ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ ይሄማ በጣም ረዘመ።»

«ምኑ ነው የረዘመው?»

«የማዕበል መጋለቢያው ሰሌዳ። አራት ክንድ ተኩል ነው ያልኩዎት።»

«ታዲያ ቆጥሬ የለ እንዴ?» አሉና ክንዳቸውን እንደገና ግንዱ ላይ አጋደሙት። ከክርናቸው እስከ መሀል ጣታቸው ጫፍ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ከዚያ ግማሽ። ጠመኔው ያለበት ደረሱ። «ይኸው። ዓይኔ ቢደክምም ክንዴ አልደከመም።»

ካያል ቀስ ብላ ተንበርክካ የራሷን ክንድ ከእሳቸው ክንድ ጎን አስተኛችው። የመሀል ጣቷ ጫፍ የእሳቸው ጣቶች ከሚጀምሩበት እምብዛም አላለፈም።

ከዳሱ ጥላ ሥር መረብ ሲጠግኑ የነበሩት ዓሣ አጥማጆች ሳቃቸውን ለቀቁት። ጊዜው ባሕሩ ለዓሣ መራቢያ ተብሎ ሥልሳ አንድ ቀን የሚዘጋበት ወቅት ነበር። ጀልባዎቹ ሁሉ አሸዋው ላይ ተጎትተው፣ ወንዱ ሁሉ ሥራ ፈትቶ፣ በኔይታል ኩፓም መንደር ከአናጺው ከጋሽ ኤሉማላይ ዳስ የተሻለ መዋያ አልነበረም።

«የሳሮጃ ልጅ አይደለች!» አለ አንዱ። «እናቷ በዚያች አጭር ክንዷ የአበባ ጉንጉን እየለካች ስትሸጥልን ኖረች። ልጅቱም በዚያው ለክታ መጣች!»

«እናቴ ሁልጊዜ ትጨምራለች» አለች ካያል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አንድ ፍሬ አበባ ትጨምራለች!»

ጋሽ ኤሉማላይ ግን አልሳቁም። ጠመኔውን ከጆሯቸው ጀርባ ሰኩና የካያልን ክንድ በሁለት ጣታቸው ይዘው እንደ እንጨት አገላብጠው አዩት። «በዚህ ክንድ ከሆነ ሌላ ነገር ነው» አሉ። «በዚህ ከሆነ ሰሌዳሽ እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው።» ከመጀመሪያው ምልክት ወዲህ ሌላ መስመር አሰመሩ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ከምናምን ይሆናል። «ስድስት ጫማ ገደማ ነው። እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

አባቷ ቬላዩታም ከዳሱ ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ልጄ» አለ፣ «ግንዱ አንድ ነው። ሌላ የለኝም።»

እውነቱን ነው። ግንዱ የአያቷ ነበር። አያቷ በሕይወት ዘመናቸው ባሕር የወጡት አምስት ግንዶች በገመድ ተጠፍረው በሚሠራው በአሮጌው መርከባቸው፣ በካቱማራም ላይ ነው። አባቷ የፋይበር ጀልባና ሞተር ሲገዛ ያ መርከብ ተፈታ። ሁለቱ ግንዶች ተማገዱ፤ አንዱ በራፍ ላይ መቀመጫ ሆነ፤ አንዱን ምስጥ በላው። የቀረው አንዱ ከቤቱ ጣራ ሥር ሠላሳ ዓመት ደርቆ፣ ሲያነሱት እንደ ባዶ ቅርጫት የሚቀል ሆነ። እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ በባሕሩ ዳርቻ ሁሉ ቢፈለግ አይገኝም። ካያል የኮሌጅ ትምህርቷን የጨረሰች ዕለት አባቷ ወደ ጣራው ቀና ብሎ «ለሰሌዳሽ ይሁንሽ» አላት። ሌላ ምንም አልጨመረም፤ እሷም ከዚያ በላይ አልጠበቀችም።

እስከዚያ ድረስ ማዕበል ስትጋልብ የኖረችው በመንደሩ የጋላቢዎች ክለብ ሰሌዳ ነው። ዘጠኝ ጫማ የሚረዝም፣ ከላዩ ስፖንጅ የለበሰ፣ ሰማያዊ። የመንደሩ ሴት ልጆች ስድስት ሆነው በተራ ይወጡበታል። ለጀማሪ የሚያህለው የለም። እንደ ጠረጴዛ ይሸከማል፤ ትንሹ ማዕበል እንኳ ይገፋዋል። ካያል ሁለት ዓመት ሙሉ በእሱ ወደቀች፣ ተነሣች፣ በመጨረሻም ቆመች። አሁን ግን ወደ ቀኝ ስትለው እያመነታ ይዞራል፤ ወደ ግራ ስትለው ጨርሶ አይሰማም። ስፋቱ በብብቷ ሥር ስለማይገባ ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማው ትሄዳለች። ባሕሩ ጠንከር ባለ ቀን ደግሞ የሚመጣው አረፋ ሰሌዳውን ከእጇ ነጥቆ እሷን አስከትሎ ወደ ዳር ይመልሳታል።

ይህን ሁሉ ብትችለው፣ የአክስቷን ልጅ የካቢላንን አፍ አልቻለችውም።

«ካያል መጣች፣ አልጋዋን ይዛ!» ይላል ከማዕበሉ ጀርባ ተቀምጦ። «ትራሱንስ የት ጣልሽው?»

ካቢላን ስድስት ጫማ ከአንድ ኢንች በሆነች፣ አፍንጫዋ በሾለች ሰሌዳ ነበር የሚጋልበው። የመንደሩ ወንዶች ሁሉ ሰሌዳቸው እንዲሁ አጭር ነው። ካያልም ሳትናገር በልቧ ወሰነች። የራሴ ሰሌዳ የሚኖረኝ ከሆነ ከእነሱ አይረዝምም አለች።

ጋሽ ኤሉማላይ መጋዙን አላነሡም። «እንዲህ እናድርግ» አሉ። «ሦስት ጠዋት በዚሁ ልክ ተውሰሽ ጋልቢ። በአራተኛው ቀን ነይና እጅሽን ግንዱ ላይ አድርጊ። እጠይቅሻለሁ፣ ትመልሺልኛለሽ። ከዚያ እቆርጣለሁ።»

ይህ የእሳቸው ቤት ልማድ ነው። አባታቸውም አያታቸውም ለማንም ዓሣ አጥማጅ ግንድ ሲቆርጡ ባለቤቱ እጁን ያልተቆረጠው እንጨት ላይ አድርጎ እንዲመልስ ይጠይቁት ነበር። ስንት ኪሎ ትጭናለህ? የትኛው ውኃ ላይ ትወጣለህ? ባሕሩ ባለፈው ምን አደረገህ? ያልተቆረጠ ግንድ ላይ የተዋሸ ውሸት እንጨቱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መላጊያም አያወጣውም ይላሉ። ካያል የተማረች ልጅ ናት፤ ልማዱን እንደ ጨዋታ ነው የሰማችው። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ካቢላን ሰሌዳውን ሲያውሳት ዐሥር ጊዜ አስለመናት። «ብትሰብሪብኝ አክስቴ ዓመቱን ሙሉ በነፃ አበባ ትሰጠኛለች።»

«አንተ አበባ ምን ይሠራልሃል?»

«የሰሌዳዬ መቃብር ላይ አስቀምጣለሁ።»

በመጀመሪያው ጠዋት ገና ስትተኛበት ሰሌዳው ከሥሯ ሰመጠ። ውኃው እስከ ብብቷ መጣ። ስትቀዝፍ ጭቃ ውስጥ የምትሄድ መሰላት፤ ማዕበሉ ደርሶ ከፍ አደረጋት፣ ጥቂት አመነታ፣ ትቷት አለፈ። ሌላው መጣ፤ እሱም ጥሏት አለፈ። የዚያ ባሕር ማዕበል ለስላሳና ቀርፋፋ ነው። የሚገፋው በቅድሚያ የተዘጋጀለትን ብቻ ነው። በሁለተኛው ጠዋት እጆቿ ትከሻዋ ድረስ እስኪዝሉ ቀዘፈች። በሦስተኛው ጠዋት አንድ ማዕበል ሊገፋት ሲል ብድግ አለች፤ ሰሌዳው አፍንጫውን ደፋና እሷን በግንባሯ አሸዋው ላይ ተከላት። ጆሮዋ ውስጥ የገባው አሸዋ እስከ ማታ አልወጣም።

ሦስት ጠዋት፣ አንድም የተያዘ ማዕበል የለም። ባዶ።

ካቢላን ያን ዕለት ዳር ላይ ሆኖ ሰሌዳውን ሲቀበላት ይስቃል ብላ ጠብቃው ነበር። አልሳቀም። ሰሌዳውን ገልብጦ ከሥሩ ያሉት ትንንሽ ክንፎች መኖራቸውን አየና ከጎኗ አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

«እኔ እዚች ላይ ለመቆም ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ ታውቂያለሽ?» አለ።

«ስንት?»

«አሥራ አራት ወር። የጠጣሁት ጨው ለአንድ ጀልባ ዓሣ ማድረቂያ ይበቃ ነበር። አንድ ፈረንጅ ትቷት ሄደ፤ ያገኘኋት እሷን ብቻ ነው፣ ምን ላድርግ? መርጬ መሰለሽ እንዴ?» ከዚያ ራሱን አከከ። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

«አልናገርም።»

«አሥራ አራት ወር ያልኩትን ማለቴ ነው። አልጋ ያልኩትንማ እቀጥላለሁ።»

ካያል ቤቷ ስትደርስ እናቷ በራፉ ላይ ተቀምጣ ጃስሚን ትጎነጉናለች። «እንዴት ሆነ?» አለቻት። «ደህና ነው» አለች ካያል፣ አልፋት ገባች። እውነቱን ነግራት ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ፊት «እርግጠኛ ነኝ» ብላለች። አይናፋር ሰው ብዙ አይናገርም፤ የተናገረው ጥቂት ነገር ግን ከብዶበት ይኖራል።

በአራተኛው ቀን ዳሱ ሞልቶ ጠበቃት። መረብ የማይጠግነው ከሚጠግነው በለጠ። ግንዱ በሁለት እንጨቶች ላይ ተጋድሟል። ካያል ቀኝ እጇን አስቀመጠችበት። ሞቃትና ለስላሳ ነበር፤ ገመድ ለብዙ ዘመን የፋቀው ቦታ ጣቷ ሥር ጎድጎድ አለ።

«ስንት ኪሎ ነሽ?» አሉ ጋሽ ኤሉማላይ።

«ሃምሳ ስምንት።»

«እውነት ነው፣ በሩዝ ሱቁ ሚዛን አይቻታለሁ» አለ አንዱ ሳይጠየቅ።

«የትኛው ውኃ ላይ ነው የምትወጪው?»

«እዚሁ፣ ከቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት።»

«በሦስት ጠዋት በዚህ ልክ ስንት ማዕበል ያዝሽ?»

ካያል ወደ ካቢላን አላየችም። እሱ ግን ጥፍሩን ሲመለከት በዓይኗ ጥግ ታየዋለች።

«ስድስት» አለች።

ጋሽ ኤሉማላይ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መጋዙን አነሡ፣ ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና በአጭሩ መስመር ላይ አስቀመጡት። «እሺ። ስድስት ከያዝሽ ልክሽ ነው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። የመጋዙ የመጀመሪያ ድምፅ ሲሰማ ካያል ጥርሷ ውስጥ የገባ መሰላት። ጭው አለ፤ ተመለሰ፤ ጭው አለ። ነጭ ዱቄት መሬት ላይ ወረደ። ግንዱ እንዳጠረ ይቀራል። ሠላሳ ዓመት ጣራ ሥር የተቀመጠው እንጨት እሷን የማይሸከም ሰሌዳ ይሆናል፤ አባቷ በየጠዋቱ ዳር ቆሞ ማዕበሉ ጥሏት ሲያልፍ ያያል፤ እሷም አንድ ቀን ሰማያዊውን ሰሌዳ ለትንንሾቹ ትታ፣ የራሷንም ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ መውጣት ታቆማለች። ይህ ሁሉ በሦስት የመጋዝ ምልልስ ውስጥ ታያት።

«ይቁም!» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። «ጋሼ፣ ይቁሙ። አልያዝኩም።»

መጋዙ ቆመ። «ምን አልያዝሽም?»

«ማዕበል። አንድም አልያዝኩም። ሦስቱንም ጠዋት ውኃ ስጠጣ ነው የዋልኩት።»

የካያል ጆሮዎች ጋሉ። ከመሬት ዓይኗን ሳታነሣ የሚመጣውን ሳቅ ጠበቀች።

መጀመሪያ የተናገሩት ሽማግሌው ሙኒያንዲ ነበሩ። የሚጠግኑትን መረብ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «እኔ ለኤሉማላይ አባት ሦስት መቶ ኪሎ እጭናለሁ ብዬ ነበር» አሉ። «ገና ሚስት ላገባ ነበር፤ አማቼ አጠገቤ ቆመዋል፤ ምን ልበል? መቶ ኪሎም ጭኜ አላውቅም። ትልቅ መርከብ ሠሩልኝ። ብቻዬን ከአሸዋ ላይ መግፋት አቅቶኝ አሥር ዓመት ሙሉ በየንጋቱ ጎረቤት ስቀሰቅስ ኖርኩ።»

«ለዚህ ነው እንዴ አባቴን ሲቀሰቅሱ የነበሩት?» አለ ካቢላን።

«ለሌላ ለምን መሰለህ? ለመልኩ?»

አሁን ሳቁ መጣ፤ ግን ካያል ላይ አልነበረም። አባቷ ሲስቅ ምሰሶው ተነቃነቀ። ጋሽ ኤሉማላይ በመጋዙ የተጀመረውን ጭረት በጥፍራቸው ለኩ። «የጥፍር ጥልቀት ነው። ስልገው ይጠፋል» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ እጄ አይደክምም ነበር። በይ፣ የካቢላንንም የክለቡንም ሰሌዳ ይዛችሁ ተከተሉኝ።»

ወንዙ ባሕሩ ጋ ከመድረሱ በፊት አሸዋ ዘግቶት የሚተኛበት ቦታ አለ። ውኃው እንደ መስተዋት አይነቃነቅም። ጋሽ ኤሉማላይ ልብሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ገቡ፤ ቅርብ ያለውን ዓይናቸው ደህና ያያል። ካያል መጀመሪያ የካቢላን ሰሌዳ ላይ ተኛች። ውኃው ብብቷ ሥር ደረሰ፤ ሰሌዳው ከጫፉ በቀር አይታይም። ቀጥላ ሰማያዊው ላይ ተኛች። ደረቷም ሆዷም ደረቅ፤ እንደ ቅጠል ተንሳፈፈች።

«አየሽ» አሉ። «አጭሩ ምንም ሳይሠራ አንቺን ብቻ ያሠራሻል። ሰማያዊው ደግሞ ሁሉንም ሠርቶ አንቺን ሥራ ያስፈታሻል። ማዕበል ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ጭነት ግን አውቃለሁ። ጭነቱ ላይ ውኃው መድረስ የለበትም፤ የሰሌዳውን ጠርዝ ግን መላስ አለበት።»

«ቢረዝምም እንዲዞር እፈልጋለሁ» አለች ካያል። «በብብቴም እንዲገባ።»

«እሱ የስፋቱና የጅራቱ ጉዳይ ነው። ወገቡን ለክንድሽ አጠብበዋለሁ፤ ጅራቱን አሾላለሁ። ርዝመቱን ግን አንቺ ትነግሪኛለሽ። እኔ የምቆርጠው የተነገረኝን ነው።»

ወደ ዳሱ ሲመለሱ ካያል በግንዱ ዳር ብዙ ጊዜ ቆመች። ማንም አላጣደፋትም። በሰማያዊው ሰሌዳ የያዘቻቸውን ማዕበሎች አሰበች፤ በጥሩ ቀን አሥር፣ አሥራ ሁለት። ከእነዚያ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ አጥታ መዞርን ብታገኝ ትስማማለች። ግማሹን ማጣት ግን አትፈልግም። ሰው የሚማረው ከያዘው ማዕበል ነው፤ ካለፈው ማዕበል ምንም አይማርም። ከአጭሩ መስመር ተነሥታ በጣቷ እየሄደች ጋሽ ኤሉማላይ በስሕተት ያሰመሩት የመጀመሪያው መስመር ላይ ደረሰች። ጥቂት ቆመችና እሱንም አለፈች። ሁለት ጋት ጨመረች።

«እዚህ» አለች።

«ከተሳሳትኩት እንኳ ይበልጣል እኮ!» አሉ ጋሽ ኤሉማላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቁ።

ካቢላን ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ዘረጋ። ጋሽ ኤሉማላይ ሜትሩን እንደ እባብ አዩት። «ሰባት ጫማ ከዘጠኝ ኢንች» አለ ካቢላን። «የሕፃናት አልጋ ነው። ትራስ አይፈልግም።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። ግን...» ሜትሩን ጠቀለለ፣ ድምፁንም ቀነሰ። «ያኔ የሚሠራልኝ ቢኖር እኔም ይሄን ነበር የምለው።»

አባቷ ከምሰሶው ተነሥቶ መጣ። በግንዱ ላይ ያለውን መስመር አየ፣ ልጁን አየ። «አሁንስ እርግጠኛ ነሽ?» አላት።

ካያል እጇን እንጨቱ ላይ መልሳ አደረገች። «እርግጠኛ አይደለሁም» አለች። «ግን ይሄ ይሻላል።»

«እሱ ይበቃል» አለ አባቷ፣ የግንዱንም ሌላ ጫፍ እንዳይነቃነቅ ያዘ።

ጋሽ ኤሉማላይ ከምሳ በፊት ቆረጡት። በሳምንቱ ግንዱን ወደ ጣውላ ሰነጠቁ፣ ውስጡን በመሮ ፈለፈሉ፣ በኮላ አጣበቁ፤ ጀልባ በሚጠግኑበት ፋይበርም ለበጡት። ባሕሩ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ካያል ሰሌዳውን በብብቷ ይዛ ገባች። በዚያ ጠዋት ስምንት ማዕበል ያዘች፤ በሁለቱ ላይ ወደ ግራ ዞረች፣ በአንዱ ላይ ወደቀች። ከዚያ ርቧት ወጣችና ቤቷ ሄዳ ሩዝና የዓሣ ወጥ በላች።